ቦሎ ልናወጣ ወጥተን

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። መኪናዋን ያቃጠልኳት እኔ አይደለሁም። አክስቴም አይደለችም። ጅሬን ያለ ጎረቤት ሁሉ ግን እስከ ዛሬ "ያ ከጀርመን የመጣው ልጅ የአባቱን ቮልስ አነደዳት" እያለ ያወራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው ሽቱትጋርት ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መኪናችን ግን ጅማ ናት። አባቴ በ1966 ዓ.ም ከአንድ ፈረንጅ የገዛት ክሬም ቮልስ። ክሬም የነበረች ማለቴ ነው፤ አሁን ወተት የበዛበት ቡና መስላለች። አባቴ ካረፈ በኋላ ሊብሬው በእኔ ስም ዞረ፣ ቁልፉ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ኪስ ገባ። በየዓመቱ ይደውልልኛል። "ጋሼ፣ ቦሎ ደርሷል።" ቦሎ ያው ዓመታዊ ምርመራ ያለፈች መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ብሩን እልካለሁ። ከሳምንት በኋላ "አለቀ ጋሼ" ይለኛል። እኔም አለቀ ብዬ እተኛለሁ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ለእረፍት መጣሁ። ቮልሷ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ዶሮዎች ከሥሯ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ወደ መስታወቷ ጠጋ ብዬ ቦሎውን አየሁ። የ2014 ነው።

"አንተ፣ በየዓመቱ አለቀ ስትለኝ ምኑ ነው ያለቀው?"

"ብሩ፣ ጋሼ።"

ምን ትሉታላችሁ? ልጁ አልዋሸም። ብሩ የአክስቴ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሆኖ ያብረቀርቃል። እኔም እዚያ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ስለነበር ብዙ መቆጣት አልቻልኩም።

"ለምን አትሸጣትም?" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እንዲያውም አንድ የባጃጅ ሹፌር በር ላይ ቆሞ ዋጋ ጠርቷል። ግን ዛሬ አሮጌ መኪና አሮጌ ይባላል እንዴ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነበት። በ2016 ደግሞ በቤንዚን የምትሄድ አውቶሞቢል ጭራሽ አገር እንዳትገባ ተባለ። ዶሮ የሚተኛባት መኪና እንኳ ባለ ሀብት ታሰኛለች። ስለዚህ ቦሎ ላወጣላት ወሰንኩ። ከሦስት ዓመት ውዝፍ ከነቅጣቱ ጋር።

እኔ ደግሞ፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ ስለ ምርመራ የማውቅ ሰው ነኝ። ሽቱትጋርት የምነዳት ጎልፍ ራሷ ሽማግሌ ናት። እዚያ በየሁለት ዓመቱ ቲዩፍ የሚሉት ምርመራ አለ። ሰውየው የእጅ ባትሪ ይዞ ከሥሯ ይገባል፣ ዝገት የመሰለውን ሁሉ ይቆረቁራል። ካለፍክ የኋላ ታርጋህ ላይ ክብ ነገር ይለጥፍልሃል። ቀለሙ በየዓመቱ ስለሚለያይ ፖሊሱ ከሩቅ አይቶ ቀንህ ማለፉን ያውቃል። የመኪና ግብሩን የሚሰበስበው ማን መሰላችሁ? ጉምሩክ! በፈረንጅ ከ2014 ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ ከባንክ ሒሳብህ ራሱ ቆርጦ ይወስዳል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከጉምሩክ ሲደርሰኝ ሻንጣዬ ውስጥ ያመጣሁት በርበሬ ተደረሰበት ብዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

30 ዓመት የሞላት መኪና ደግሞ በደንብ ከተያዘች እዚያ እንደ ቅርስ ትቆጠራለች። የተለየ ታርጋ ይሰጣታል፤ ሞተሯ ቢያንስም ቢተልቅም ግብሯ በዓመት 191 ዩሮ ገደማ ነው። የእኛዋ እዚያ ብትሆን ወይዘሮ ነበረች። እዚህ የዶሮ ቤት ሆናለች።

ዝግጅቱን ራሴ መራሁት። ወረቀት ላይ ዝርዝር ጻፍኩ፤ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ስፖኪዮ፣ የእጅ ፍሬን፣ ዝናብ መጥረጊያ። የአክስቴ ልጅ ሲሮጥ መጣ።

"ጋሼ፣ ውሃውንም ሞልቻለሁ።"

"የቱን ውሃ?"

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ ነው። ልጁ የፊት ኮፈኑን ከፈተ። እዚያ ያለው ደግሞ የቤንዚን ታንከር ነው። ጉልበቴ ተብረከረከ። ደግነቱ የሞላው የመስታወት ማጠቢያውን ዕቃ ነበር።

ባትሪዋ ስለሞተ አዲስ ግዛ ብዬ ልኬው ነበር። ቁመቱ እንደ ጄሪካን የሆነ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። "የፒካፕ ነው ጋሼ። በአንድ ቁልፍ ነው የሚያስነሳት!" እውነቱን ነው፣ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩን መልሶ ጫነበት። ትንሽ ጎበጥ አለ እንጂ ገባ። "ጎሽ!" አልኩት። ይቺን "ጎሽ" ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልንወጣ ስንል አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች። እግረ መንገዳችሁን መርካቶ አድርሱኝ አለች። አክስቴ ደርባባ ሴት ናት። ስትቀመጥ ወንበር ይሰማዋል። ከእኔ በስተኋላ፣ በግራ በኩል ገባች። አዲስ የገዛሁት እሳት ማጥፊያ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ስላስቸገረ "እስቲ ያዢልኝ" ብዬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

የጅማን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጅሬን ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ አይታይም፤ ከሁለቱ ዝናብ መጥረጊያ የሚሠራው አንዱ ነው፣ እሱም አጠገቤ በተቀመጠው በኩል። አንገቴን ወደ ቀኝ ሰግጌ ነዳሁ። ከኋላ አክስቴ ትጸልያለች። አጠገቤ ልጁ "አብሽር ጋሼ፣ አብሽር" ይላል። ባጃጆቹ በግራም በቀኝም እያለፉ ክላክስ ይነፉልናል፤ ክብር ይሁን ስድብ አልገባኝም። መርካቶ ስንደርስ ዝናቡ ባሰበት። አክስቴ "አልወርድም፣ እናንተ ጋ ቆይቼ ስታባራ እሄዳለሁ" አለች። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ለምርመራ ሦስት ሆነን የደረስነው።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ሊብሬውን አየ፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አየ፣ ዙሪያዋን ዞረ። ፍሬቻ አለፈ። ክላክስ አለፈ፤ ድምፁ እንደ ጥጃ ቢሆንም አለፈ። ከዚያ የመስታወት ማጠቢያውን ጫን አለ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

"ውሃ የለውም?"

"አፍ እስኪሞላ ሞልቼዋለሁ!" አለ የአክስቴ ልጅ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ከጀርመን ነው የመጣሁት። "ይሄውልህ፣ ቮልስ ላይ ውሃውን የሚገፋው የስኮርታ ጎማው አየር ነው" ብዬ አስረዳሁት። እውነት ነው፤ ከትርፍ ጎማው ቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው ዕቃ ይሄዳል። መርማሪው በጣም ተገረመ። ተገርሞም ኮፈኑን አስከፍቶ ስኮርታውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። እንደ ሊጥ ገባለት።

"እንግዲያው ስኮርታውም የለም ማለት ነው" ብሎ ሁለተኛ ኤክስ አደረገ።

ዝም ብል አንዱ ይበቃን ነበር። የአክስቴ ልጅ በጎን አየኝ።

"የሻንሲ ቁጥሩስ የት ነው?" አለ መርማሪው። ይሄን ጊዜም ዝም ብል ጎንበስ ብሎ ፈልጎ ፈልጎ ይደክመው ነበር። እኔ ግን አፌን ማን ይዞት። "ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ላይ ነው! አክስቴ፣ እስቲ ወደ ቀኝ ፈቀቅ በይላቸው።"

አክስቴ ፈቀቅ አለች። ወደ ቀኝ። ወደ ፒካፑ ባትሪ።

መጀመሪያ "ጥዝዝ" የሚል ድምፅ ሰማን። ሽሮ ድስት ሊፈላ ሲል እንደሚለው። ከዚያ አንድ ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ፀጉርና የተቃጠለ ገለባ የተቀላቀለበት። አክስቴ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገችና "ማነው ቡና የሚቆላው? አሳረረው እኮ!" አለች። ይሄን ብላ ሳትጨርስ ከጎንና ከጎኗ ጭስ ወጣ። ነጭ ጭስ። ነጠላዋ፣ ጭሱ፣ እሷ መሐል ላይ። ለአፍታ ጠበል ቤት መሰለኝ።

የአክስቴን ፍጥነት ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሁለት በር ብቻ ካላት መኪና፣ የፊቱን ወንበር አልፋ፣ እኔ "ውጪ" ሳልላት ወጥታ አሥር ሜትር ርቃለች። መርማሪው ወንበሩን ነቅሎ ወረወረው። ሌላው ዘሎ የባትሪውን ገመድ አላቀቀ። አንዱ አሸዋ፣ አንዱ እርጥብ ጆንያ ይዞ ይሯሯጣል። እኔ? እኔ "እሳት ማጥፊያ! እሳት ማጥፊያ አምጡ!" እያልኩ እዞራለሁ።

ሁሉም ነገር ከበረደ በኋላ መርማሪው ላቡን ጠርጎ ቀና አለ። አክስቴ እንደቆመች ናት፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

"እማማ፣ የታቀፉት ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ? ልጁ ያዢልኝ ብሎኝ ነው።"

ቀዩ እሳት ማጥፊያ። ከነፕላስቲኩ። መርማሪው ወረቀቱን አነሳና "እሳት ማጥፊያ" ከሚለው አጠገብ ራይት አደረገ። በዚያ ገጽ ላይ በደንብ ያለፍነው እሱን ብቻ ነው።

መኪናዋን እዚያው አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ገፋናት። ሽማግሌው ባትሪውን አዩት፣ ወንበሩን ገልብጠው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ወንበሩ ሥር ያለው የብረት ሞላ ሰው ሲቀመጥበት ይወርዳል። ባትሪው ቁመቱ ረዝሟል፣ ክዳን የለውም። ሞላው ሁለቱን የባትሪ ራስ ሲነካ በቃ፣ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሆነ ማለት ነው። ከላይ ያለው ሙሌት ደግሞ የደረቀ ቃጫ ነው፤ ክብሪት አይፈልግም።

"ክዳኑ የት ሄደ?" አሉ ሽማግሌው።

"ያ ጥቁሩ ነው?" አለ የአክስቴ ልጅ። "ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል።"

"ይሄን ባትሪ ሲያስገባ ያየው ሰው አልነበረም?" አሉ ደግሞ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጁ ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነው፣ "ጋሼ አይተው ጎሽ ብለውኛል" አላቸው።

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ላይ አንድ ሰፊ ቁራጭ ቆረጡ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ካለው ፋብሪካ የወጣችው በፈረንጅ 2003 ነው፤ ጅማ ላይ የባትሪ ክዳን ልፈልግ ብል እረፍቴ ያልቃል። ባትሪው በልኳ ተቀየረ፣ ጎማው ከላይ ለበሰ፣ ስኮርታው ተነፋ። ወንበሩ ግን ሌላ ቦታ መሰፋት ነበረበት፣ ሦስት ቀን ይፈጃል ተባለ።

አክስቴን እንዴት እንመልሳት? በዝናብ ባጃጅ አልሳፈርም አለች። ጎን ካለችው ቡና አፍይ በርጩማ ተዋስን። የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ ከአንድ ግንድ የሚጠረብ፣ ሦስት እግር ያለው። ቮልሷ ውስጥ አስገባነው። አክስቴ ላዩ ላይ ተቀመጠችና በሁለት እጇ ሁለታችንን ትከሻችንን ያዘች። ፈረንጅ አራዳ ላይ የትራፊክ ፖሊስ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አያት። እሷም እንደ ንግሥት አየችው። ምን ብሎ ይቅጣን? እጁን አወዛውዞ አሳለፈን።

በአምስተኛው ቀን ተመለስን። ውዝፉ ከነቅጣቱ ተከፍሏል። መጥረጊያዎቹ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ውሃው ይረጫል፣ ስኮርታው እንደ ከበሮ ነው። መርማሪው ሁሉንም አየና ወረቀቱን ሳይፈርም ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተ።

"እማማስ?"

"ቤት ናቸው" አልኩ።

"አምጧቸዋ።"

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። የአክስቴ ልጅ በባጃጅ በረረ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አክስቴ ደረሰች። የመስቀል ቀሚሷን ለብሳለች። የሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ ወጥተው ዙሪያውን ቆሙ፤ አንዱ አሸዋ ያለበት ባልዲ ይዟል። አክስቴ ገባች።

"ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይበሉ፣ እማማ።"

ፈቀቅ አለች።

"ትንሽ ነጠር ነጠር ይበሉ።"

ነጠር ነጠር አለች። ቮልሷ ሲጥጥ አለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጆሯችንን አቀናን። ጥዝዝ የለም። መርማሪው አንገቱን አስገብቶ አሸተተ። አክስቴም አሸተተች።

ወረቀቱ ተፈረመ። ቦሎው መጣ፣ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። አክስቴ እንደ ሹም ተደግፋ ወረደችና ቦሎውን ጠጋ ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረች።

"የተመረመርኩት እኔ! የሚለጠፍላት እሷ?"