ከአሮጌ ቤልጅግ ላይ ዝገቱን አንስቶ ጥቁሩን ማትረፍ

ያጸዳሁት በቤልጅግ ጠመንጃ በርሜል ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ የወጣ ቀላል ዝገት ነው። አስቀድሜ መቀርቀሪያውን ከፍቼ ጥይት አለመኖሩን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ፤ ከዚያ መቀርቀሪያውን አወጣሁት።

ጥቁር ሰማያዊው ገጽ ቀለም ይመስላል እንጂ የብረቱ የራሱ ቆዳ ነው፤ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ኦክሳይድ። ውፍረቱ በሺህኛ ሚሊሜትር የሚለካ ነው። ቀዩ ዝገትም የብረት ኦክሳይድ ስለሆነ አሲድ ሁለቱን አይለይም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ኮካ ኮላ፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ዝገት አጥፊ አሲድ፣ ሁሉም ቀዩን ሲያነሱ ጥቁሩንም ገፈው ግራጫ ብረት ያስቀራሉ። እኔ የተማመንኩት በሌላ ነገር ነው፤ ቀዩ ልል ሆኖ ላይ ላዩን ይቀመጣል፣ ጥቁሩ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ስለዚህ በዘይት አርሶ ቀስ ብሎ መፈተግ ይበቃል።

የሲንጀር ዘይት ቀብቼ አሳደርኩት። ዘይቱ ዝገቱ ውስጥ ሰርጎ እስኪያላላው ጊዜ ይፈልጋል፤ የተቸኮለበት ቦታ ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል ደግሞ ጥቁሩን ይበላል። በማግስቱ ቁጥሩ አራት ዜሮ (0000) የሆነ፣ ከሁሉ የቀጠነውን የብረት ሱፍ በዘይት ነክሬ፣ መጀመሪያ እንጨቱ በሚሸፍነው የበርሜል ክፍል ላይ ሞከርኩ። የድስት መፈተጊያ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ግን አይጠጉ፤ ይቧጭራሉ።

በሁለት ጣት ብቻ ይዤ፣ በበርሜሉ ርዝመት አሥር ጊዜ ያህል እየሄድኩ በነጭ የጥጥ ጨርቅ እጠርግና አዲስ ዘይት እጨምራለሁ። ጠረጋውን ያሳነስኩበት አንድ ቦታ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ወጡ። ምክንያቱ ሱፉ አልነበረም፤ የተነሳው የዝገት ዱቄት ራሱ እንደ አሸዋ ይፍቃል። ስለዚህ ጨርቅ አትቆጥቡ፤ ሱፉም ሲቆሽሽ ይጣል።

ጨርቁ ላይ ቡናማው ሲያልቅ ማቆም ነው። ብረቱ ነጣ ካለ ግን ወዲያው፣ ዝገት ቢቀርም። የፋብሪካው ጽሕፈትና የማነጣጠሪያው ሹል ጠርዞች ቶሎ ስለሚነጡ እዚያ ሱፍ አላስነካሁም፤ በዘይት የራሰ የጥርስ ብሩሽ በቃ። ለጠነከሩት ነጠብጣቦች ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፌ አስተኝቼ ገፋሁባቸው። መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ገጹን አይቧጭርም፤ ጥሎት የሚሄደው ቀይ ምልክትም በዘይትና በሱፉ ይለቃል። ዝገቱ በልቶ ያጎደጎደው ቦታ ግን አይሞላም። ጉድጓዱን ለማስተካከል የሚፈትግ ሰው ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ያጣል፤ እኔ ዘይት አጥግቤ ተውኩት።

በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጣት ሲነካው የማያንጠባጥብ ስስ ዘይት ቀባሁ። ሲበዛ ወደ ሰደፉ ወርዶ እንጨቱን ያለሰልሰዋል። የኑግ ዘይት እንዳትጠቀሙ፤ አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የእጅ ላብ ጨው ስላለው፣ ከተቀባ በኋላ ብረቱን በባዶ እጅ አልያዝኩትም። ቆዳ አፎት ውስጥም አልመለስኩትም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድም ብረቱን ያዝጋል። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ ዘይቱን አድሳለሁ፤ በተለይ ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበትን መስመር አያለሁ፤ ዝገት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።