ከናፍታ ሞተር ወደ ባትሪ፦ ነገዬን በአንድ ተራ የሥራ ቀን አሰብኩት

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ የናፍታ ሞተር እያወረድኩ ነበር የምውለው። አሮጌዎቹ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ እንጀራዬ በማግስቱ አልተቋረጠም። እንቅልፍ የነሳኝ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ የማንን መኪና እንደምጠግን አለማወቄ ነው።

ሥራ ለመቀየር የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ከደመወዝ ይነሣል። እኔ ከአንድ ተራ ማክሰኞ ተነሣሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚኖረኝን ውሎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በደብተር ጻፍኩ፦ እጄ ምን ይይዛል? ደንበኛው ምን እያለ ይመጣል? ሲጨንቀኝ ማንን እጠይቃለሁ? ውሎውን በሦስት መልክ ነበር የጻፍኩት። የከባድ መኪና መካኒክነቱ ከዛሬው ምንም አልተለየብኝም። በሶማሌ ተራ መለዋወጫ መሸጡ ገንዘብ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ገዢ ስጠብቅ ራሴን ሳየው ልቤ እምቢ አለ። የኤሌክትሪክ መኪናው ገጽ ባዶ መስመር የበዛበት ሆነ። እኔን የሳበኝም እሱ ነው፤ ባዶው መስመር ሁሉ ሄጄ የምጠይቀው ጥያቄ ሆነልኝ።

ስታዲየም አካባቢ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን አንድ ወጣት፣ ቆሜ እንዳይ ፈቀደልኝ። መጀመሪያ ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ፈታ። ቀጥሎ የትልቁን ባትሪ መስመር የሚቆርጠውን መሰኪያ ነቅሎ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በመስመሩ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪጠፋ ዝም ብሎ ጠበቀ። ሲጠብቅ የጎማ ጓንቱን ከአፉ ጠቅልሎ አየር አፈነበትና ጆሮው ላይ አስጠግቶ ጨመቀው፤ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብትኖር ትተነፍሳለች። በመጨረሻም በቴስተር ለክቶ ዜሮ መሆኑን አረጋገጠ። «ጋሼ፣ በዚህ ብርቱካናማ ገመድ 400 ቮልት ገደማ ያልፋል፤ እዚህ ቤት ጥድፊያ የለም» አለኝ። እኛ ጋ ጎበዝ የሚባለው ቶሎ የሚጨርሰው ነበር። መጠበቅ ራሱ ሙያ የሆነበት ሥራ ማየቴ በጣም ደስ አሰኘኝ።

ደብተሬ መሙላት ጀመረ። የሞተር ዘይትና የናፍታ ፊልትሮ መቀየር የለም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅም። ስለዚህ በሰርቪስ ብቻ የሚተዳደር ጋራዥ ገቢው ይሳሳል። ጎማ፣ የመሪ፣ የሞላና የአሞርዛተር ክፍሎች፣ ማቀዝቀዣና ሶፍትዌር ግን ይኖራሉ። ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ስክሪናቸው በቻይንኛ ነው። እናም የማታውን ሰዓት የኤሌክትሪክ ትምህርትና የቻይንኛ ምልክቶች ተካፈሉት።

የምትለቁበትንም ቀን በደንብ አስቡበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው ከመልቀቁ በፊት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም መብታችሁ ነው። እኔ ለጋራዡ ባለቤት ከዚያም ቀደም ብዬ ነገርኳቸው። «ሂድ ተማር ልጄ፤ ከቸገረህ በሩን ታውቀዋለህ» አሉኝ። ቀጥሎ ገቢዬ የሚቀንስባቸውን ወራት ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አሰላን። መሣሪያ የገዛሁት ከሁሉም በኋላ ነው።

የምትመኙትን ሥራ የሚሠራ ሰው ስታገኙ፣ ስለ ገቢው ከመጠየቃችሁ በፊት የትኛውን ሥራ አልችልም ብሎ እንደሚመልስ ጠይቁት። ያ ወጣት ትልቁ ባትሪ ተከፍቶ በውስጡ ከተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች (ሴሎች) የደከሙት ብቻ ተለይተው የሚቀየሩበትን ሥራ አልቀበልም እያለ ይመልስ ነበር። እኔ አሁን የምማረው ያንን ነው።