የአሜሪካ መንግሥት ለምን ይዘጋል?

በጀት በጊዜው ሳይጸድቅ ቀርቶ የዋሽንግተን መንግሥት «ተዘጋ» የሚል ዜና በመጣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ሰው ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ግትር ነው፣ አፈ ጉባኤው ደካማ ነው፣ ጥፋቱ የዚያኛው ፓርቲ ነው ይባላል። ከደሙ ንጹሕ ናቸው የሚል የለም። ነገር ግን ሰዎቹ ተቀያይረው ነገሩ ካልተቀየረ መፈተሽ ያለበት አሠራሩ ነው። አሠራሩን ላየው ደግሞ የሚያናድደው ሌላ ነው፦ መሥሪያ ቤት ይዘጋ የሚል አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም።

ሕገ መንግሥቱ የሚለው ገንዘብ በሕግ ካልተፈቀደ ከግምጃ ቤት አይወጣም ነው። «አዲስ በጀት እስኪጸድቅ ያለፈው ዓመት ይቀጥል» የሚል ቋሚ ሕግ ማውጣት ግን ኮንግረስ ይችላል፤ ለጦር ሠራዊት የሚመደብ ገንዘብ ከሁለት ዓመት አይለፍ ከሚለው ገደብ በቀር።

ታዲያ መዘጋት ከየት መጣ? በ19ኛው መቶ ዘመን መሥሪያ ቤቶች የዓመቱን ገንዘብ በጥቂት ወራት ይጨርሱና «ውል ገብተናል፣ ሰው አሠርተናል፣ ክፈሉ» እያሉ የኮንግረስን እጅ ይጠመዝዙ ነበር። ያንን ለመግታት የወጣው አንቲ ዴፊሸንሲ አክት ያልተፈቀደ ወጪንም ሠራተኛ ያለ ክፍያ በነጻ የሚሰጠውን አገልግሎትም ከለከለ። ያም ሆኖ እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ በጀት ሲዘገይ መሥሪያ ቤቶች ጉዞና ቅጥር ቀነስ አድርገው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። ኮንግረስ ዘግይቶም ቢሆን ይከፍላል ብለው ነው። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ ሕጉ እንደ ቃሉ ይከበር፣ ገንዘብ የሌለው መሥሪያ ቤት ይዘጋ የሚል አስተያየት ሰጠ። በ1981 መጀመሪያ ለሰው ሕይወትና ለንብረት ጥበቃ የሚሠሩትን ለይቶ አወጣ። ዛሬ የምናየው ሥርዓት የቆመው በእነዚህ ሁለት የሕግ አስተያየቶች ላይ ነው።

በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ገደማ ነው። በዚያ ቀን የጸደቀ ነገር ከሌለ ሠራተኛው ለሁለት ይከፈላል፤ ያለ ደመወዝ ሥራ የሚገባና ከሥራ የሚታገድ። የታገደው ጠዋት ቢሮ የሚገባው ለመዝጋት ብቻ ነው፦ ፋይሉን ይቆልፋል፣ ኢሜይሉ ላይ «የለሁም» የሚል መልስ ያስቀምጣል፣ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጹን ሞልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በፈቃዱ እንኳን መሥራት አይችልም። እያወቁ ሕጉን መጣስ እስከ 5,000 ዶላር ወይም እስከ ሁለት ዓመት እስር ያስቀጣል። በ2019 የወጣ ሕግ ደግሞ መዘጋቱ ሲያበቃ ለታገደውም ውዝፍ ደመወዙ እንዲከፈለው ያዛል። መንግሥት እንዳይሠራ ለከለከለው ሰው ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል ማለት ነው። ቁጠባ የሚባል ነገር እዚህ የለም። በኮንትራክተር በኩል የተቀጠረው የጽዳት ሠራተኛ ወይም የጥበቃ ሰው ግን ያ ዋስትና የለውም፤ ያለፈው ቀኑ አለፈ። የኮንግረስ አባላት ደመወዝ በቋሚ ሕግ ስለሚመደብ አንድ ቀን አይቋረጥም።

ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 የቆየው መዘጋት 35 ቀን ፈጀ። ያበቃው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አጥሮ በኒው ዮርክ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ በተስተጓጎለበት ዕለት ነው። የ2025ቱ 43 ቀን ሄደ፤ የበረራ ቁጥር በ40 ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች እንዲቀነስ ታዘዘ፣ የኖቬምበር የምግብ ድጋፍም ተስተጓጎለ። ተጓዡ ሲጮህ ብቻ የሚሰማ መንግሥት ሆኗል።

ለምን በጊዜው አይጨርሱም? በ1974 የወጣው የበጀት ሕግ መርሐ ግብሩን አስቀምጧል፦ ፕሬዚዳንቱ እስከ ፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ረቂቁን ያቀርባል፣ ኮንግረስ እስከ ኤፕሪል 15 በጠቅላላው ጣሪያ ይስማማል፣ ከዚያ የወጪ ሕጎቹ አንድ በአንድ ይጸድቃሉ። ዛሬ እነዚህ ሕጎች 12 ናቸው። ያ አሠራር ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ሁሉም በጊዜያቸው የጸደቁት ለ1977፣ ለ1989፣ ለ1995 እና ለ1997 በጀት ዓመታት ብቻ ነው።

ትልቁ ማነቆ ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ የሆነው ሴኔት ነው። ክርክር ዘግቶ ረቂቁን ለድምፅ ለማቅረብ ከ100ው 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ክርክሩ ይዘጋ የሚል ጥያቄ ይቀርባል፣ አንድ የሥራ ቀን በመሃል ያልፋል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ቢያልፍ እንኳን እስከ 30 ሰዓት ተጨማሪ ክርክር ይፈቀዳል። ይህ ሁሉ ረቂቁን ለመጀመር አንድ ጊዜ፣ ለመጨረስ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሊደገም ይችላል። ተቃዋሚ ልቡ ከቆረጠ ለአንድ ረቂቅ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ በ12 ማባዛት ነው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ታስሮ የሺህ ገጽ ጥራዝ ሆኖ በመጨረሻው ሰዓት ይመጣል። አብዛኛው አባል ሳያነበው ድምፅ ይሰጥበታል።

ብዙ ሰው የማያየው ጉዳት ግን መንግሥት ክፍት በሚሆንበት ጊዜ የሚደርሰው ነው። መዘጋትን ለማምለጥ «ጊዜያዊ ማራዘሚያ» ይጸድቃል፦ ባለፈው ዓመት መጠን ወጪ ማድረግ ይቻላል፣ አዲስ ፕሮጀክት መጀመር ግን በአብዛኛው አይቻልም። አንድ መሥሪያ ቤት አምና ተገዝቶ ላለቀ ዕቃ የተያዘ ገንዘብ ይዞ፣ ዘንድሮ ለሚያስፈልገው ሳንቲም አጥቶ ይቀመጣል። የዓመት ኪራይ ወይም የጥገና ውል በአንድ ጊዜ መፈረም ሲገባው ለስድስት ሳምንት፣ ከዚያ ለሁለት ወር እያለ ይቆራርጠዋል፤ በየጊዜው ወረቀቱ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ቅጥር ይቆማል። ሙሉ በጀቱ መጋቢት ላይ ቢጸድቅ፣ ብዙው ገንዘብ እስከ ሴፕቴምበር 30 ውል ካልተገባበት ስለሚቃጠል፣ የዓመት ግዢ በግማሽ ዓመት ይጣደፋል። ያኔ የሚፈረመው ውል የሚያስፈልገው ሳይሆን ቶሎ የሚያልቀው ነው። የ2025 በጀት ዓመትማ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማራዘሚያ አለቀ።

ሌላው ዓለም ይህን ጉድ አያውቀውም። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 111 በጀት ቢዘገይ መንግሥት የገባውን ግዴታ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ቤልጂየም ከ2010 እስከ 2011 ለ541 ቀናት አዲስ መንግሥት ሳታቋቁም ቆይታ፣ ከቀድሞው በጀት በየወሩ አንድ አሥራ ሁለተኛውን እየፈቀደች አገልግሎቷን ቀጥላለች። በስፔን የአምናው በጀት በራሱ ይራዘማል። የስፔኑ መንገድ ጠንቅ አለው፤ የ2023ቱ በጀት ለ2024ም ለ2025ም ተጎትቷል። ነባሩ የሚመቸው ወገን ለመደራደር ምን ያስቸኩለዋል? ቢሆንም ያረጀ በጀት ከተቆለፈ በር ይሻላል።

ለአሜሪካ የሚስማማ መላ በኮንግረስ ውስጥ ራሱ ደጋግሞ ቀርቧል፦ በጀት ካልጸደቀ የአምናው በየ14 ቀኑ በራሱ ይራዘም፣ የአባላቱ የጉዞ ወጪ ይቋረጥ፣ ከበጀት ሕጎቹ ሌላ አጀንዳም አይነሳ። ጫናው ከሠራተኛው ትከሻ ወርዶ በወሳኞቹ ላይ ይሆናል። እስካሁን አልጸደቀም። ለመጽደቅ በሴኔት ያንኑ 60 ድምፅ ይፈልጋል፤ የሁለቱም ፓርቲ መሪዎች ደግሞ ኦክቶበር 1ን የሚጠቀሙባት ሌላውን ለማንበርከክ ነው።