የጣና ደንገል፣ በባለቤቶቹ አንደበት

ከደብረ ማርቆስ ማለዳ ተነሥተን በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ የመጣሁበት ጉዳይ ሐይቁ ዳር ነው። የነገደ ወይጦ ወጣቶች የአባቶቻቸውን የታንኳ አሠራር በድምፅና በምስል ሊያስቀሩ ተነሥተው፣ የካሜራና የመቅረጸ ድምፅ አያያዝ የሚያሳያቸው ሰው ፈልገው ነበር። የእኔ ድርሻ ይኸው ነው። የሚጠይቁትም፣ የሚቀርጹትም፣ የሚመርጡትም እነሱ ናቸው።

ነገደ ወይጦ የጣና የጥንት ነዋሪዎች ናቸው። ጉማሬ አድነው፣ ዓሣ አጥምደው፣ ደንገል ከሚባለው የውኃ ዳር ተክል ታንኳ ሠርተው፣ የወፍጮ ድንጋይ ጠርበው ኖረዋል። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ጎረቤት ሲያገላቸው ኖሯል፤ ነውሩ የአግላዩ እንጂ የእነሱ አይደለም። ቀድሞ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይነገራል፤ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ቋንቋው ከሄደ በኋላ የእጅ ሙያውም ተከትሎት እንዳይሄድ ነው የወጣቶቹ ጥድፊያ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ አዛውንት ታንኳ ሊያስሩ ተቀምጠው አገኘናቸው። የታጨደው ደንገል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከርሟል። «እርጥቡን ካሰርከው ሲደርቅ ይሟሽሽና ማሰሪያው ይላላል» አሉኝ፤ «ጨርሶ የደረቀውን ካጠፍከው ደግሞ ይሰበራል።» ስለዚህ ከማሰራቸው በፊት ውኃ ይረጩበታል። ነዶውን አስተካክለው አንድ እግራቸውን ተከሉበትና ገመዱን በሁለት እጃቸው ወደ ኋላ ሳቡት። ደንገሉ ሲጠብቅ ሲጢጥ ይላል። መቅረጫውን የያዘችው ልጅ ድምፁን ለመያዝ ከአጠገባቸው ተንበርክካለች።

«አባባ፣ ገመዱ በየት በኩል እንደገባ አላየሁትም» አለቻቸው።

ምንም ሳይመልሱ ቋጠሮውን ፈቱት። ከዚያም ጣቶቻቸውን ከካሜራው ፊት ገለል እያደረጉ ቀስ ብለው እንደገና አሰሩላት። እኔ ጠያቂ ብሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ አላነሣውም ነበር። ልጅቷ የጠየቀችው ነገ ራሷ ልታስረው ስለምትፈልግ ነው።

ስለ ጣና ደንገል የሚያስቆጭ ታሪክ አለ። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» በተባለችው የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ፣ ደንገሉ የተወሰደለት ከዚሁ ከጣና ነው። የእሱን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ ደንገሉን ያጨዱትን ማን ያውቃቸዋል? ወጣቶቹ ይህን ታሪክ ስነግራቸው ወዲያው አንድ ደንብ አወጡ፦ ከእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ ተናጋሪው ስሙንና የአባቱን ስም፣ ሙያውን ከማን እንደተማረም ይናገራል፤ ስሜ ይቅር ካለም ይቀርለታል።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ወደ ዓባይ ዞረ። ነገደ ወይጦ እስልምናን ቢከተሉም ከዓባይ ጋር የተያያዘ የቆየ የመሥዋዕትና የልመና ልማድ አላቸው። አንዲት እናት ስለዚሁ ጥቂት ካወጉን በኋላ ወደ ካሜራው አይተው፣ «ይኼኛው ለቤት ነው፤ ዝጉት ልጆቼ» አሉ። ተዘጋ። የቀጠሉትን ሰምቻለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነት በአንቀጽ 15 የማኅበረሰቡን ተሳትፎ ይጠይቃል። ለእኔ የተሳትፎ መጀመሪያው ባለቤቱ «ዝጉት» ሲል መዝጋት ነው። ቅዱስ የሆነን ነገር ሁሉ ካልቀረጽኩ ጠፋ የሚል አጥኚ የሚያድነው የራሱን ጽሑፍ እንጂ ልማዱን አይመስለኝም።

እኒያ አዛውንት ከተናገሩት ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ግን ስለ ደንገሉ መራቅ ነው። በልጅነታቸው ከደጃቸው ያጭዱት ነበር። ዛሬ ዳርቻው ለእርሻ ታርሷል፣ ለግጦሽ ተለቋል፣ ቤት ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም አለ። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን ደንገል የሌለበት ዳርቻ ለታንኳ ሠሪ ምን ይረባዋል? ስለዚህ ወጣቶቹ ከቀረጻው ጎን ለጎን ካርታ ጀምረዋል። ሽማግሌዎቹ እየመሩ ደንገል የነበረበትን፣ ያለበትንና ሊተከል የሚችልበትን ቦታ ያመለክታሉ። ስለ ዳርቻው አጠቃቀም ውሳኔ ሲሰጥ ይዘውት የሚቀርቡት ማስረጃ ይህ ነው፤ ከፊልሙ ይልቅ እንጀራቸውን የሚያስጠብቅላቸውም እሱ ይመስለኛል።

ማታ ቅጂው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተደረገ። አንዱ ቅጂ ሽማግሌዎቹ በመረጡት ቤት፣ ሌላው በወጣቶቹ ኮምፒውተር እንዲሆን ተስማሙ፤ ከሁለቱ ውጭ የሚሰጥ ካለ በጋራ ይፈቀዳል። እኔ ቅጂ አልያዝኩም። የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢዎቹን ገና አላነጋገሩም፤ እሱን በሚቀጥለው ሳምንት ያለ እኔ ይጀምራሉ።