«እንዲህ በቀላሉ ከወጣማ ለምን ገዛሁት?»

ሥራው የፊት ፍሬን ሸራ መቀየር ብቻ ነበር። መኪናዋ የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣችው፣ መብራቷ ከኮፈኑ ብቅ የሚለው። በየቸርኬው ጎማውን የሚያስር አራት ዳዶ አላት። ሦስቱ በ21 ሚሊሜትር ቡሶላ፣ ዳዶው ላይ በሚጠለቀው መፍቻ፣ ይፈታሉ፤ አራተኛው የሌባ መከላከያ ነው፣ ፊቱ ላይ እንደ አበባ የተቆረጠ ቅርጽ ያለው፣ ከራሱ ቁልፍ በቀር ምንም የማይገባበት።

ቁልፉ የለም። ክሩስኮት ኪስ ውስጥ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ባለው ሳጥን፣ ከስኮርታው አጠገብ ባለው የመፍቻ ከረጢት፣ የትም የለም። ባለመኪናውን ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ እዚህ ስትገባ ነበረ።»

«ጋሼ፣ መኪናዋ ገና ክሪክ ላይ እንኳ አልወጣችም።»

«ነበረ ነው የምልህ!»

ክርክሩን የገላገለኝ ዳዶው ራሱ ነው። የግራውን በባትሪ ሳየው ቅርጹ ውስጥ ትንሽ ብረት ተወትፋለች። በሹል ብረት ፈልቅቄ አወጣኋት፤ የቁልፉ ጥርስ ናት። ቁልፉን በአየር ግፊት እየመታ የሚፈታው አየር መፍቻ ላይ ሰክቶ ያለ ርኅራኄ የመታው ሰው አለ ማለት ነው። ይህ ቁልፍ በእጅ ነው የሚሠራው፤ የአየር መፍቻ ምት ጥርሱን ይጨርሰዋል። ጎሚስታ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚሰብሩትም የሚያውቁት ናቸው። ጋሼ መጨረሻ ጎማ ያስቀየሩት የት እንደሆነ ነገሩኝ። ስም አልጠራም፤ ስለ ፍጥነታቸው ብዙ የሚያወሩ ናቸው። እውነትም ፈጣኖች ናቸው፤ መኪናዋን እስኪያስረክቡ ድረስ «ቁልፉ ተሰብሯል» ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኙም።

አዲስ ቁልፍ ይታዘዛል፤ ግን ከዳዶዎቹ ጋር የምትመጣዋ ካርድ ላይ ያለው ኮድ ያስፈልጋል። ካርዷ ጋሼ ቤት ሲቀይሩ ጠፍታለች። ፎቶ ልኮ በቅርጹ ማስለየትም አለ፣ ግን ቀን ይፈጃል፤ ፍሬኑ ደግሞ ብረት ለብረት ደርሷል።

ስለዚህ መዶሻ። ዳዶው ከውጭ የሚሽከረከር ቀለበት ቢኖረው ቡሶላው ለብቻው ይዞርና ጣጣው መሰርሰሪያ ይሆን ነበር። ይሄኛው የለውም። ከዳዶው በመጠኑ የሚጠብ ባለ12 ማዕዘን ቡሶላ መርጬ፣ ቸርኬው እንዳይጫር ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፌ፣ መትቼ አስገባሁት። ረጅም ክንድ ጨመርኩበት። ቋ! አለና ለቀቀ።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ይመርቁኛል ብዬ ዞርኩ።

«በቃ?»

«በቃ፣ ጋሼ።»

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ታዲያ ሌባስ እንዲህ ያደርገው የለ?»

«የሌባ መዶሻ ድምፅ ይሰማል» አልኩ፣ እኔንም ሳያሳምነኝ።

«እንዲህ በቀላሉ ከወጣማ ለምን ገዛሁት?»

ቁልፉ ጠፋ ሲባል እንኳ እንዲህ አልተቆጡም። ቁልፍ ስለሌላቸው የቀሩትንም ፈታሁ፤ ቋ ባለ ቁጥር ፊታቸው ይጨልማል። የመጨረሻው ላይ ሆን ብዬ ቆየሁ፤ አቃሰትኩ፣ ላቤን ጠረግሁ፣ ክንዱን ሁለቴ ቀያየርኩ። ትንሽ ተጽናኑ መሰለኝ።

«በምትኩ ተራ ዳዶ ይግጠሙ፤ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብዎ ስኮርታ መቀየር እንኳ አይችሉም ነበር» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተስማሙ፣ ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ አዲስ የሌባ መከላከያ ይዘው መጡ፤ ያውም ባለ ተሽከርካሪ ቀለበቱን።

«ይሄንንስ?» አሉኝ በድል አድራጊ ፈገግታ።

መሰርሰሪያውን ላነሳ አልኩና ዝም አልኩ። በእጅ አስገብቼ፣ ጥብቀቱን በሚለካው ቶርክ መፍቻ 100 ኒውተን ሜትር ላይ አጠበቅሁት።

አሁን ጎማ የሚነካ ሥራ ሲመጣ አስቀድሜ ቁልፉን አያለሁ፤ ኮዱንም ሥራ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ኮዱን መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ጋሼን ነበር። አዲሷን ካርድ አውጥተው አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቷት።

«ለአንተ ምን ያደርግልሃል?»