ከቃሉ በፊት የሚመጣው ፍርሃት

ለመንተባተብ ሕክምና ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ምላሳቸው እንዲፈታላቸው ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ሊናገሩ ፈልገው ስለተዉት ነገር ነው። እዚሁ ባሕር ዳር የሚማር አንድ ወጣት በዚህ ሳምንት የሰጠኝ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባጃጅ ተሳፍሮ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ» የምትለዋ ቃል ስለምትያዝበት፣ ሌላ ተሳፋሪ እስኪወርድ ጠብቆ አብሮ ይወርድና ያለፈውን መንገድ በፀሐይ በእግሩ ይመለሳል። ጁስ ቤት ገብቶም የሚወደው ማንጎ ሆኖ ሳለ «ማ» ስለምታስፈራው አቮካዶ ያዛል። የሚያውቁት ሰዎች ሲንተባተብ ሰምተውት ስለማያውቁ ዝምተኛ ብቻ ይመስላቸዋል።

ራሱም ይንተባተብ የነበረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆሴፍ ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1970 መንተባተብን በባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነው፤ የሚሰማው መደጋገምና መያዝ ጥቂቱ ሲሆን ፍርሃቱና ኀፍረቱ ከውኃው በታች ነው። መንተባተብ ከዘር ውርስና አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋር የተያያዘ እንጂ በወላጅ ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ ይህን መስማት ብቻውን የስንቱን ቤተሰብ ጸጸት እንዳቃለለ አይቻለሁ። ፍርሃቱ ግን ክፍል ውስጥ ሲሳቅበት፣ አዋቂ ሰው ቃሉን ነጥቆ ሲጨርስለት ቀስ በቀስ የተማረው ስለሆነ፣ በአተነፋፈስ ልምምድ ብቻ ይለቃል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ልጁን ቶሎ ብዬ ላጽናናው አልፈለግሁም። «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ማለት ደግነት ቢሆንም፣ ገና ጭንቀቱን ማውጣት የጀመረን ሰው አፍ ሊያስይዝ ይችላል። ሾፌሩ ዞር ብሎ ቢያየው ምን ይለኛል ብሎ እንደሚፈራ ጠየቅሁትና መልሱ እስኪወጣ ድረስ ሳልቸኩል ጠበቅሁ።

ከዚያም ጣና ዳር ወዳለ አንድ ጁስ ቤት ሄድን። አሜሪካዊው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ቻርልስ ቫን ራይፐር ሆን ብሎ መንተባተብን ያስተምር የነበረው ፍርሃቱን ለማለዘብ ነውና፣ በመጀመሪያ እኔ «ማ ማ ማንጎ» ብዬ አዘዝሁ፤ አስተናጋጇም «እሺ» ብላ ወደ እርሱ ዞረች። ከንፈሩ ገጥሞ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ፤ ሆኖም ወደ አቮካዶ አልሸሸም። ብርጭቆውን የያዘው እጁ እየተንቀጠቀጠ ማፈሩን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ እኔም ይህንን ከቃሉ መውጣት አብልጬ መዘገብሁት።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ እናቱ አብረውት እንዲመጡ ጠይቄያለሁ፤ ከፍቅር ብዛት ቃሉን ቀድመው የሚጨርሱለት እርሳቸው ናቸውና።