ጅማ ላይ ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ የሟቹን ስም ጠይቁ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ዘጠኝ ሺህ ብሬንና የአንድ ወር እንቅልፌን አላጣም ነበር ብዬ ስለማስብ ነው። ብሩ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ትንሽ ምሬት ብታዩብኝ ከዚያ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጅማ የተዛወርኩት መስከረም 2017 ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስምንት ወር ልጃችንና ሦስት ሻንጣ። ፔንሲዮን ያዝን፣ አሥራ አንድ ቀን ቆየን። የከፈልነውን ዛሬም ደምሬ ማወቅ አልፈልግም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ወሩ ነበር። መስከረምና ጥቅምት ጅማ ላይ ቤት መፈለግ ራስን መቅጣት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰው ከያለበት ይመለሳል፣ አዲስ ተቀጣሪው ይመጣል፣ ቡና ሊለቀም ስለሆነ ነጋዴውም ክፍል ይፈልጋል። ቂጦ በኩል ጠዋት ያየሁትን ቤት "ከሰዓት ባለቤቴን ይዤ ልምጣ" ብዬ ስመለስ ሌላ ሰው ፍራሹን እያስገባ ነበር። ሰው ሁሉ "ዝናቡ ሲያባራ ፈልግ" ይላል። እኔ ሐምሌ ላይ ፈልጉ እላለሁ። የጅማ ዝናብ የማይዋሽ መርማሪ ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የሚሞላውን ሽንት ቤት፣ ባጃጁ "ከዚህ አላልፍም" የሚልበትን ጭቃ በአንድ ከሰዓት ያሳያችኋል።

ደላላ አትጠቀሙ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሰው ካላወቃችሁ ያለ ደላላ የምታገኙት ማንም ያልፈለገውን ቤት ነው። ደላላውን ተጠቀሙበት፣ የሚናገረውን ግን አትመኑ። የኔው መጀመሪያ የወሰደኝ አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። ቤቱ ያምራል። ግድግዳው ግን ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ቀለሙ ከላዩ ትንሽ ይለያል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ዲዛይን ነው ወንድሜ።"

ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ልስኑ እንደ ረጠበ ዳቦ ተፈርፍሮ መጣ። ወንዙ ሲሞላ እስከዚያ ይደርሳል ማለት ነው። ሌላ ቤት አሳየኝ አልኩት፤ አልተከፋም፣ እንዲያውም "አንተ ነቄ ነህ" አለኝ። ይህቺ ሙገሳ ናት በኋላ የጎዳችኝ።

ሦስተኛው ቤት ጊንጆ በኩል ነበር። ሁለት ክፍል ብሎኬት፣ ኮርኒስ ያለው፣ የራሱ ቆጣሪ፣ ሮቶ፣ በረንዳው ፊት ትልቅ አቮካዶ። ወሩ አምስት ሺህ ብር። የቤቱ እመቤት በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚቀበሉ፣ ገና ሳንስማማ ለልጄ ሙዝ የላጡ ሴትዮ ናቸው። የክፍሎቹን ታሪክም ነገሩኝ። በ1992 የጤና ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት አባታቸው "አሁን ሰው ይጎርፋል" ብለው የጓሮውን ቡና ነቅለው ነው የሠሩት። ትክክል ነበሩ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ቡናው ተነቅሎ ሰርቪስ ቤት ያልተሠራበት ጓሮ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፣ ያም ሆኖ ቤት የለም። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ "አባቴ ነው የሠራው" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ወጣ። አባትየው የት እንዳሉ እንኳ አልጠየቅኩም።

የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። በእጅ። "ባንክ ሰልፍ አልወድም ልጄ" አሉ። አሁን ልብ በሉ፣ እኔ አዋጁን አንብቤዋለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ስልኬ ላይ አለ። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፣ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ሠላሳ ሺህ ብር በፌስታል አድርጌ ሰጠሁ። ከኋላዬ ሁለት ሰው እየጠበቀ ነው ብሎኝ ነበር ደላላው። ለእሱም የግማሽ ወር ኪራይ ከፈልኩ። በሁለት ምስክር ውል ጻፍን፣ ጥቅምት 1 ገባን።

ከዚያ ምዝገባው መጣ።

ከፍዬ ስላጠፋሁ ቢያንስ በውሉ ልካስ ብዬ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልኩት ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን፣ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ሁለተኛ ቀን፣ ሲስተም የለም። በአፋን ኦሮሞ አጥርቼ የቻልኳቸው የመጀመሪያ ሁለት ነገሮች "ወልገኢ" እና "ቦሩ ኮቱ" ናቸው፤ ስብሰባ፣ ነገ ና። ፎርሙም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ይህን አላማርርበትም፣ አገሩ ነው፣ የያዘኝ የባጃጅ ሹፌር ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሞላልኝና የጉዞውን ብቻ ተቀበለኝ። ሦስተኛ ቀን ሦስት ቁጥር መስኮት ያለው ልጅ ስልኬ ላይ ያለውን አዋጅ አይቶ "ይሄ የአዲስ አበባ ነው" አለኝ። አራተኛ ቀን እዚያው ኮሪደር፣ አምስት ቁጥር መስኮት ያለችው ደግሞ "ማን ነው እንደሱ ያለህ? ይመዘገባል እንጂ! የካርታ ኮፒ አምጣ" አለች። በሁለቱ መስኮቶች መካከል አራት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

ካርታውን እመቤቴን ጠየቅኳቸው። ሳያቅማሙ ሰጡኝ። እንዳታለሉኝ እንዳታስቡ፣ ሴትዮዋ የደበቁት ነገር የለም። በአምስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ አቀረብኩት።

"ባለካርታው ይቅረብ" አለች ሳታየኝ።

ዝቅ ብዬ ስሙን አነበብኩ። የወንድ ስም ነው። ላቤ መጣ።

"አባታቸው ናቸው መሰለኝ። ሳይሞቱ አይቀሩም።"

"እንግዲያው ወራሾቹ ይቅረቡ። ስንት ናቸው?"

መልስ አልነበረኝም። ሚስቴ በዚያች ደቂቃ ልጄን የምታጥብበት ቤት የስንት ሰው እንደሆነ አላውቅም። ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ ሳቀ። እኔም በሳቅኩ ይሻል ነበር።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አምስት ጊዜ ሥራዬን ጥዬ ስመላለስ፣ ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ አንዱ በመጀመሪያው ቀን "ካርታው በማን ስም ነው?" ቢለኝ አለቀ። የግማሽ ደቂቃ ጥያቄ ናት። ግን ደግሞ እነሱን ስረግም ማታ ላይ ራሴን አገኘዋለሁ። ብሩ የኔ፣ ቤቱን ያየሁት እኔ፣ ግድግዳ ጎንበስ ብዬ የነካሁ ነቄ ሰውዬ እኔ፤ ወረቀቱን ያየሁት ግን ከፍዬ ከገባሁ በኋላ ነው።

ማታ ጎረቤታችን እማማ ቡና ጠሩን። ነገሩን ሳጫውታቸው ሲኒውን እያጠቡ "አራት ናቸው እኮ" አሉኝ። "ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አጋሮ። አባትየው ከሞቱ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።"

"ለምን አልነገሩኝም እማማ?"

"መች ጠየቅከኝ ልጄ?"

የአጋሮው ወንድም ኅዳር መጨረሻ ላይ መጣ። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ አይሱዙ ቆሟል። ወዛደሮች ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ በጆንያ እያወረዱ በረንዳችን ላይ ይደረድራሉ። ጓዳችን ላይ የኔ ያልሆነ፣ ቢጫ፣ እንደ ሕፃን ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የልጄ ወተትና ጡጦ እዚያ ውስጥ ነው። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እጅ ነሣኝ። "ወንድሜ፣ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም፣ ቤቱ ግን የአባቴ ነው፣ ቡናዬን ዝናብ ላይ አላሳድርም" አለ። ውሌን አውጥቼ አሳየሁት። አነበበ። አጠፈና መለሰልኝ። "እህቴ ለብቻዋ ማከራየት አትችልም፤ ሂድና ጠይቅ።" መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ አምስት ቀን ሙሉ ጠይቄ ነበር።

ፖሊስ ጥሩ፣ ክሰሱ ይባላል። እኔ የጠራሁት ሽማግሌ ነው፣ ዛሬም ቢሆን እሱኑ እጠራለሁ። እማማ አንድ የሰፈር ሐጂና አንድ ጡረተኛ መምህር ይዘው መጡ። አቮካዶው ሥር ተቀመጥን። ከእህትና ወንድሙ ጭቅጭቅ ሁለት ሰዓቱን አባትየው ናቸው የወሰዱት፤ ማን አስታመማቸው፣ ማን ቀበራቸው። የኔ ጉዳይ በመጨረሻ አሥር ደቂቃ አገኘ። ጓዳው ያኔውኑ ተከፈተ። እስከ ታኅሣሥ 30 እንድንቆይ፣ የቀረው የሦስት ወር ኪራይ፣ አሥራ አምስት ሺህ ብር፣ እንዲመለስልኝ ተወሰነ። ስድስት ሺህ ተመለሰ። ያቺን ወር ከጀንፈል ጋር ኖርን። የፍሬው ጎምዛዛ ሽታ የልጄ ፀጉር ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር።

አሁን ያለንበትን ቤት ያገኘሁት በተቃራኒው መንገድ ነው። ቤቱን ከማየቴ በፊት ማዶ ያለችው ሱቅ ሄጄ ለስላሳ ጠጣሁ። ባለሱቋ ባለቤቱ በሕይወት እንዳሉ፣ ልጆቻቸው ስንት እንደሆኑ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚመጣ፣ የፊተኛው ተከራይ ለምን እንደለቀቀ ነገረችኝ። ከዚያ ካርታ ጠየቅኩ፣ ስሙን ከመታወቂያቸው ጋር አስተያየሁ፤ ሰውዬው ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፣ ይበላቸው። ሁለት ወር ብቻ፣ በባንክ ከፈልኩ። ቤቱ ካለፈው ያንሳል፣ ሮቶም የለውም፣ ውኃ በመጣች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ ጀሪካን እሞላለሁ። ምዝገባውን? አልሄድኩም። መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሦስት ቁጥር መስኮት ትዝ ሲለኝ እግሬ ይከብደኛል።

ሴትዮዋን ባለፈው ቅዳሜ ሄርማታ መርካቶ፣ ቅመም ተራ አገኘኋቸው። ከሩቅ ሲያዩኝ ይሸሻሉ ብዬ ነበር። መጥተው ሳሙኝ፣ "ልጄ አደገች?" አሉ፣ ክንዴን ይዘው ቡና ወደምታፈላ ወዳጃቸው ጎተቱኝ። ሦስት ሲኒ ጠጣን። ስለ ዘጠኙ ሺህ ሊያነሱ ነው ብዬ ጠበቅኩ። የቡናውን ሒሳብ ከፍለው ተነሱ።